ከወረኢሉ እስከ ስድስት ኪሎ



የእኛ አገር ሰው አዲስ አበባ የሚሄድበት ጉዳይ የታወቀ ነው፤ ወይ ሐኪም ቤት፣ ወይ መርካቶ፣ ወይ ዘመድ ጥየቃ። እኛም ከወረኢሉ የተነሣነው ለባለቤቴ የዓይን ሕክምና ነበር። ቀጠሮው በአራት ቀን ሲራዘምብን ግን፣ ከመቀመጥ ይሻላል ብዬ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከተማዋ ለእይታ ያቆየችውን ለማየት ወጣሁ። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድኩት ስለ ከተማዋ ትልቅነት አይደለም። እዚያ ሆኜ ስለ ገዛ ቤቴ የተረዳሁት ነገር ስላለ ነው።

ነገሩ የጀመረው ገና በደረስንበት ማታ ነው። ያረፍንበት ቤት ልጆች ወንዱን ልጄን «አገርህ የት ነው?» ብለው ጠየቁት። «ደሴ» አላቸው። ወረኢሉ ከደሴ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በካቤ፣ በጉጉፍቱ ብርድ አድርገን ነው የመጣነው። ለብቻችን ስንሆን «ለምን ዋሸህ?» ብለው፣ «አባ፣ ወረኢሉን ማን ያውቃታል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

በማግሥቱ ፒያሳ ወዳለው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ወሰድኳቸው። ይህ ሰፊ ሕንጻ የተመረቀው በየካቲት 2016 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ምስሎቹን እያዩ ሲደነቁ አንድ ጥግ ላይ አስቀመጥኳቸውና ከአባቶች የሰማሁትን፣ በኋላም በታሪክ መጽሐፍ ያነበብኩትን ነገርኳቸው። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋ ሠራዊት እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ተሰባስቦ እንዲጠብቃቸው ያዘዙት ወረኢሉ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ጦር በእኛ ሜዳ ሰፍሮ፣ የእኛን ውኃ ጠጥቶ ወደ ሰሜን አለፈ። የወሎም ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል መሪነት ዘምቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተሰልፏል። ያን ጊዜ የወሎ ገበሬ ብዙው ሙስሊም እንደነበር ማንም አይስተውም። ልጄ ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ማታ የቤቱ ልጆች የዋሉበትን ሲጠይቁት ግን ወሬውን የጀመረው «እኛ ወረኢሉዎች» ብሎ ነበር። አልሐምዱ ሊላህ!

በሦስተኛው ቀን አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገባን። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ መታወቂያው ናት፤ በአብዛኛው ለሕዝብ የሚታየው ግን የአጥንቷ ቅጂ መሆኑን ለልጆች መንገር ይገባል። ከዚያ ሽቅብ በእግር ስድስት ኪሎ ደረስን። የዩኒቨርሲቲው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለው በቀድሞው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍልም ለእይታ ቀርቧል። የሕዝቦች ባህል የተደራጀው በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥቶ በጉልምስና በኩል ሞት ላይ ያበቃል። ሴቷ ልጄ አንድ የስፌት ሥራ አየችና ጮክ ብላ፣ «አባ፣ ይኼማ የአያቴ ዓይነት ነው! እኛ ቤት እኮ ዶሮ ይታቀፍበታል!» አለች። በአጠገባችን የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

አንድ ተማሪ ቀረብ ብሎ፣ ተቋሙ የግዕዝ ብራና ብቻ ሳይሆን በዐረብኛና በዐጀም የተጻፉ የእጅ ጽሑፎችም እንዳሉት፣ ዝርዝራቸውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 በመጽሐፍ መታተሙን አጫወተኝ። ዐጀም ማለት አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ ነው። የወሎ ዑለሞች፣ ከእነሱም እንደ ሸህ ጦልሓ ጃዕፈር ያሉት፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ያስተማሩበት መንገድ ነው። ይህን ስሰማ ፊቴ ጋለ። ምክንያቱን ላልደብቃችሁ፤ አባቴ በእጁ የገለበጠው አንድ ኪታብ ነበረው። እሱ ወደ አኺራ ከሄደ በኋላ አንድ መንገደኛ ነጋዴ መጥቶ ለአንድ በግ መግዣ በማይበቃ ገንዘብ ወሰደው። የሸጥኩት እኔ ነኝ። ስለ ወረኢሉ አፍረሃል ብዬ ልጄን ልቆጣ ስል፣ ከእሱ በፊት ያፈርኩት እኔ ኖሬያለሁ።

ዓርብን መርካቶ አንዋር መስጊድ ሰግደን፣ የባለቤቴም ሕክምና አልቆ ተመለስን። ቤት እንደገባን ልጆቹን ይዤ ዘመድ ቤት ሁሉ ዞርኩ። አክስቴ ዘንድ አባቴ ደረሳ ሳለ የቀራበት ሉሕ ከቆጡ ላይ ተገኘ፤ ጠርዙ በጭስ ጠቁሯል። አክስቴም፣ «አብሽር ልጄ፣ ይኼንንስ አልሸጥሽብኝም በል!» ብላ አላገጠችብኝ። አሁን በንጹሕ ባና ተጠቅልሎ እኛ ቤት አለ።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! አዲስ አበባ ስትሄዱ ግማሽ ቀን ቆርጣችሁ እነዚህን ቦታዎች ለልጆቻችሁ አሳዩ። ሐረር የሚሄድም የአብደላ ሸሪፍን ሙዚየም ይይ፤ አንድ ሰው ከየቤቱ ተለቃቅሞ ሊጠፋ የነበረውን ኪታብና ቅርስ እንዴት እንደታደገ ይመሰክራል። ነገር ግን ቅርስ ከተማ ስለገባ ብቻ ዋስትና አለው ማለት አይደለም። የእኛው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል። ስለዚህ በየቤታችን ያለውን እንወቅ። ኪታብ ያለው ከእርጥበትና ከአይጥ ያርቀው፤ ማን እንደጻፈው፣ ከማን እንደተወረሰ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ ይመዝግብ፤ ገጾቹንም በስልኩ ፎቶ ያንሣ። መንዙማ የሚያውቁ እናቶችና አባቶችም ድምፃቸው ይቀዳ። መንገደኛ ገዢ ቢመጣ፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ መሆኑን ንገሩት።

ያ ኪታብ ዛሬ የት እንዳለ አላህ ያውቃል። ልጆቼ ግን ሉሑን ለእንግዳ ሲያሳዩ የአያታቸውን ስም ይጠራሉ፤ የአገራቸውንም ስም አስከትለው።