አራሷን ማን ያርሳት?

ግቢው ውስጥ አራስ ካለች አንዷ ገንፎ ታገነፋለች፣ ሌላዋ አጥሚት ታፈላለች፣ ሦስተኛዋ የሕፃኑን ጨርቅ ታጥባለች። በአዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሰፈር ሴት የምትታረሰው እንዲህ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሮቹ ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ። አዲሱ ቤት የተሻለ መጸዳጃ ሊኖረው ይችላል። አጥሚት ይዛ በር የምታንኳኳዋ ጎረቤት ግን በካሬ ሜትር አትተካም።

*

«ጡቷ ደረቀ» የሚለው ፍርድ ይቸኩላል። የወተቱን መጠን በዋናነት የሚወስነው የሕፃኑ መጥባት ነው፤ ጡቱ ባዶ በሆነ ቁጥር ሰውነት ሌላ ያመርታል። እናትየዋ ሰግታ የቆርቆሮ ወተት በጡጦ ስትሰጠው ልጁ ጠግቦ ይተኛል፣ የሚጠባበት ጊዜ ይቀንሳል፣ የጡቷም ወተት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ያኔ ፍርዱ እውነት ይመስላል። ልጁ መጥገቡን ማወቅ የምትፈልግ ጨርቁን ትቁጠር፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ካረጠበ፣ ክብደቱም ከጨመረ ወተቷ በቂ ነው።

*

አጥሚት ውስጥ የሚገባው አብሽ ወተት እንደሚጨምር የሚያሳየው ማስረጃ ደካማ ነው። ይሁንና አጥሚቱን የሚንቅ ተሳስቷል። የምታጠባ እናት በቀን 500 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ባታገኝም ወተቷ ቶሎ አይቋረጥም፤ ሰውነቷ ከራሱ እየቀነሰ ለልጁ ይሰጣል። የሚጎዳው እሷን ነው። ስለዚህ «ለልጅሽ ስትይ ብዪ» የሚለው ምክር ጎደሎ ነው፤ ለራሷ ስትል ትብላ።

*

ሁሉም ነገር ግን ከእናትየዋ ጎድሎ ለልጁ አይተርፍም። ቫይታሚን ቢ12 ከሌላት ወተቷም ያንሰዋል፣ የልጁ አእምሮና ነርቭ ይጎዳል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው፤ ምስርና ጎመን ለሌላ ብዙ ነገር ቢጠቅሙም እሱን አይሰጡም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ተነስተው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ወዲያው ጾም የምትጀምር እናት አለች። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ከመጀመሯ በፊት የነፍስ አባቷንም ሐኪሟንም ታማክር።

*

ምሳን ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ የእናትየዋ ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት ይቀንሳል። አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ።

*

በጊዮርጊስ ደጅና በቸርችል ጎዳና ልጃቸውን እያጠቡ የሚለምኑ እናቶች አሉ። መንገደኛው አዝኖ ለሕፃኑ ብስኩት ያስይዘዋል። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ምግቡ ጡት ብቻ ነው፤ ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። ምግቡንና ውኃውን ለእናቱ ስጧት፤ ለልጁ የምታደርሰው እሷ ናት።

*

በፒያሳ ወርቅ ቤቶች፣ ልብስ ቤቶችና ካፌዎች ብዙ ወጣት እናቶች ይሠራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የጤና ባለሙያ የሚመክረው ደግሞ ስድስት ወር ጡት ብቻ ነው። የቀሪውን ሦስት ወር ዕዳ እናትየዋ ብቻዋን ትሸከማለች። ጡቷ ሞልቶ ያማታል፣ ልብሷ ይርሳል፣ ሽንት ቤት ገብታ አልባ ትደፋለች። በሰው ቤት የምትሠራዋን ደግሞ አዋጁ ጨርሶ አይሸፍናትም።

የታለበ የእናት ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት 4 ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ባለሱቆች፣ ባለካፌዎች፣ የቤት እመቤቶች፦ የሚዘጋ በር፣ አንድ ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ ከፍሪጃችሁ ትንሽ ቦታና በየሦስት ሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ስጧት። ከደመወዟም አትቁረጡባት።