ስፕሪስ፣ ኮክቴልና የግድግዳው ባሕር

እኛ የዋጃ ልጆች ስለ ሙቀት አስተማሪ አያስፈልገንም። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ሜዳው መሐል ነው ያደግነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ጥላ ያለበት ግድግዳ ሁሉ ዘመዳችን ነው። ምድሩ ማሽላ ያበቅላል፤ የመስኖ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ሽንኩርቱም፣ ፓፓያውም፣ ማንጎውም ይመጣል።

ታዲያ ጁስ ቤት ስንገባ ግድግዳው ላይ የምናየው ምንድን ነው? ሰማያዊ ባሕር፣ ዘንባባ፣ ትንሽ የወረቀት ጃንጥላ የተሰካበት ብርጭቆ። ዞብል ተራራ የለም፣ ማሽላ የለም። ፍሬው የቆላ፣ እኛም የቆላ፣ ሥዕሉ ግን የሰው አገር!

ሰው የሐሩር አገር መጠጥ ፍቅር የሚይዘው በምላሱ ነው ወይስ በዓይኑ?

አሜሪካኖች "ቲኪ" የሚሉት የቡና ቤት ባህል አላቸው። ቲኪ በፖሊኔዥያ ደሴቶች ከእንጨት ወይም ከድንጋይ የሚቀረጽ ሰው መሰል ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 የአልኮል ክልከላው ሲነሳ ኧርነስት ጋንት የተባለ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሆሊዉድ ውስጥ በቀርከሃና በዘንባባ ያጌጠች ትንሽ መጠጥ ቤት ከፈተ። ርካሹን ሩም ከሎሚ፣ ከሽሮፕና ከቅመም ጋር እየቀላቀለ ይሸጥ ጀመር። የኦክላንዱ ቪክተር በርጄሮን ተከተለው፤ በ1944 "ማይ ታይ" የተባለውን መጠጥ የፈጠርሁት እኔ ነኝ አለ።

ልብ በሉ! ሩሙ ከካሪቢያን፣ ጌጡ ከፓስፊክ፣ ጠጪው ከካሊፎርኒያ። የደሴቶቹ ሰዎች የጥንት መጠጥ ካቫ ነው፤ ከሥር የሚዘጋጅ፣ አልኮል የሌለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ከፓስፊክ የተመለሱ ወታደሮች ቲኪ ቤቶቹን ሞሏቸው። እኛ እንደሚመስለን ሰው ጭቃውንና ሬሳውን ትቶ ዘንባባውን ብቻ ማስታወስ ይፈልጋል።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የኛው ስፕሪስም ቢሆን የእንግዶች ጉባኤ ነው። አቮካዶውና ፓፓያው ዘራቸው ከአሜሪካ ምድር፣ ማንጎው ከእስያ። አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በማንኪያ ሲበላ ግን ማን ባዕድ ይለዋል? በተለይ በጾም፣ ቅቤ በሌለበት፣ አቮካዶ ስንቱን ልብ ያርሳል!

አሁን አሁን ደግሞ ስፕሪሱን "ኮክቴል" የሚሉ መጥተዋል። ቃሉ ከሆሊዉድ ሳይሆን ከሳዑዲ የመጣልን ይመስለናል። በዐረቦች ጁስ ቤት ኮክቴል ማለት አልኮል የሌለበት የፍራፍሬ ድብልቅ ነው። ከራያ ቆላ ስንቱ ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ ባሕር እንደተሻገረ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከነሱ መሐል የኛም ሰፈር ልጆች ነበሩ።

ከተመላሾቹ አንዷን፣ እጇ ሙያ ያለውን እህታችንን፣ "እዚያ እያለሽ ብዙ ጠጥተሽ ይሆን?" አልናት። "ለማዳም ልጆች ነበር የምሠራው" አለች። "እኔ የቀመስኩት እዚህ መጥቼ ነው።"

ዝም አልን። አጠገባችን የአሥረኛ ክፍል ልጅ ተቀምጧል። እሷ ስታወራ እሱ ግድግዳውን ያያል። የሚጠጣው ማንጎ የተለቀመው ከዚሁ ቆላ ነው፤ ልቡ ግን ባሕሩ ጋ ነው።

በጣፋጭ ነገር ጠብ የለንም። አሜሪካዊው በቲኪ ቤቱ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ ሂሳቡን ከፍሎ ቤቱ ይገባል፤ ሕልሙ ብርጭቆው ውስጥ ይቀራል። የኛ ሰፈር ሕልም ግን ደላላ አለው፣ ጀልባ አለው። ስለዚህ ጁስ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ባሕሩን አውርዱ አንልም። ከጎኑ ግን አንድ የዞብል ሥዕል፣ አንድ ፍሬ የያዘ የማንጎ ዛፍ ስቀሉልን። ልጁ የያዘው ብርጭቆ የማን ላብ እንደሆነ ይወቅ።