ያለብኝ ሁለት ማርክ

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ዕዳ ልናዘዝ ብዬ ነው።

ሐይቅ ኬሚስትሪ ሳስተምር አንድ ፈተና ላይ «ካታሊስት ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅሁ። የሚጠበቀው መልስ የታወቀ ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ሂደቱን ያፋጥናል። አንዱ ልጅ ግን «እንደ ታንኳ ነው፤ አንድ በአንድ ያሻግራል፣ ሌላውን ያስጠብቃል» ብሎ ጻፈ። ኤክስ አደረግሁበት። ስታፍ ድረስ መጥቶ «ቲቸር፣ ታንኳዋም እኮ አሻግራ ስትመለስ ያቺው ታንኳ ናት» ቢለኝ «ያፋጥናል እንጂ አያስጠብቅም» ብዬ ሸኘሁት። ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ ነው፤ በሚያውቀው ነገር ነበር የመለሰልኝ።

እናላችሁ ሰሞኑን ስለ ሜምብሬን ኮምፒውቲንግ ሳነብ ትዝ አለኝ። ሩማንያዊው የሒሳብ ሊቅ ጌኦርጌ ፓውን እ.ኤ.አ. በ1998 ከሕዋስ አሠራር ቀድቶ ያመጣው የስሌት ሞዴል ነው። በሜምብሬን የታጠረ ክፍል አለ፤ ውስጡ ቁሶች አሉ፤ «ሀ ወደ ለ ይቀየር» ዓይነት ሕጎችም አሉ። ችግሩ፣ ሊቀየር የሚችል ሁሉ ባንዴ ይቀየራል። 20 ሀ ካለ 20ውም አብረው ይሄዳሉ። ታዲያ «ከሀ አንድ ቀንስ» እንዴት ይባላል? መቀነስ ሳይቻል ደግሞ ስሌቱ ሩቅ አይሄድም።

ካታሊስቱ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሀ የሚቀየረው ካታሊስቱ ሲይዘው ብቻ ይሁን ከተባለ፣ በአንድ ርምጃ አንድ ሀ ብቻ ይሻገራል፤ 19ኙ ቆመው ይጠብቃሉ። ካታሊስቱ እንዳለ ይመለሳል። ታንኳዋ በሉኛ!

ማርቪን ሚንስኪ በ1960ዎቹ እንዳሳየው፣ ሁለት ቆጣሪ ያለው ማሽን አንድ መጨመር፣ አንድ መቀነስና ባዶ መሆኑን መለየት ከቻለ ይበቃዋል፤ ጊዜና ቦታ እስካገኘ ድረስ የትኛውም ኮምፒውተር የሚያሰላውን ያሰላል። ባዶነቱ እንዴት ይለያል? እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ሞዴሉ «ቆጣሪው ባዶ ነው» ብሎ ይገምታል። እውነት ከሆነ ካታሊስቱ የሚያሻግረው አጥቶ ሥራ ይፈታል። ሐሰት ከሆነ ግን የቀረውን ሀ ይይዛል፤ ወጥመድ የሆነ ቁስ ይፈጠራል፤ ስሌቱ ማለቂያ አጥቶ ይዞራል፤ የማያልቅ ስሌት ደግሞ ውጤት ተብሎ አይያዝም። ፍሮይንድ፣ ካሪ፣ ኦስቫልድና ሶሲክ በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ሁሉ ሁለት ካታሊስት እንደሚበቃ አረጋገጡ። አንድ ብቻ ይበቃል ወይ የሚለው ለዓመታት ክፍት ሆኖ የቆየ ጥያቄ ነው።

የኬሚስትሪ ባልደረቦቼ እንዳትቆጡ፣ «ያፋጥናል» አሁንም ልክ ነው። ግን ኢንዛይምን አስቡት፤ የሚሠራበት ነገር ሲበዛበት ሁሉም ይያዝና ፍጥነቱ ከዚያ በላይ አይጨምርም። የተረፈው ይጠብቃል። ይህን ሚካኤሊስና ሜንተን በ1913 ጽፈውታል፤ እኔም ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ። ልጁ በኬሚስትሪም አልተሳሳተም ነበር ማለት ነው።

ስምህን እዚህ አልጠራም፤ ራስህን ታውቃለህ። እያነበብክ ከሆነ ኢንቦክስ ብቅ በል። ጥያቄው ሁለት ማርክ ነበር የሚይዘው።