ጎማው ላይ ያለው 17 የእኛ 17 አይደለም

ታኅሣሥ ገብቷል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭም እንደምታውቁት ሥራውን ጀምሯል።

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተናም ስለ ደሞዝም አይደለም። ስለ መኪና ጎማ ነው። "መኪና የሌለው መምህር ስለ ጎማ ምን አገባው?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ መኪና የለኝም። ግን በሰው መኪና እሳፈራለሁ፤ አብዛኞቻችሁም እንደኔው ናችሁ። ገና ደግሞ ደርሷል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ይመጣል፣ ወደ አንኮበር፣ ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ወሎ የሚሄደው ይሄዳል። ስለዚህ ረዘም ቢልም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እዚሁ ከተማ አንድ ላቫጆ አለ። እዚያ ከሚሠሩት ልጆች ሁለቱን አስተምሬያቸዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴ ስለሆነ ቆም ብዬ አወራቸዋለሁ። ሥራቸውን ቀላል የሚመስለው ሰው አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ሄዶ ይያቸው። በዚያ ብርድ እጃቸውን በረዶ የሚያህል ውኃ ውስጥ ነክረው ነው ቀኑን የሚጀምሩት። ከሥር ጭቃውን በውኃ ያወርዳሉ፣ አካሉን በኦሞ አረፋ ያሹታል፣ ያጥቡታል፣ በጨርቅ ያደርቁታል። መጨረሻ ላይ ጎማ ይመጣል።

ጎማ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሹፌሩ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት መኪናውን ዞር ብሎ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አካሉ እንደ መስተዋት ቢጸዳ እንኳ ጎማው አመድ ከመሰለ "ይሄ ታጠበ ይባላል?" ይላል። ጎማው ጥቁር ብሎ ካበራ ግን የ20 ዓመት መኪናም ትናንት የገባ ይመስላል። የሻይ የምትባለውም የምትገኘው ያኔ ነው። ስለዚህ ላቫጆ ቤት "ጎማ አጥቁር" የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው።

እዚህ ላይ መምህርነቴ ይምጣና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጎማ መጀመሪያውኑ ለምን ጥቁር ሆነ? ጎማ ከዛፍ ሲወጣ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ነው። የጥንቶቹ የመኪና ጎማዎችም ነጣ ያሉ ነበሩ፤ ቶሎም ያልቁ ነበር። ከ1910ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፋብሪካዎች ካርቦን ብላክ የሚባል ደቃቅ ዱቄት ይቀላቅሉበት ጀመር። ካርቦን ብላክ ማለት እናቶቻችን ከድስት ቂጥ የሚፍቁት የጥላሸት የቅርብ ዘመድ ነው። ይሄ ዱቄት ሲገባበት ጎማው ጠነከረ፣ መበላቱም ቀነሰ፣ የፀሐይንም ጉዳት መቋቋም ቻለ። እንግዲህ የጎማ ጥቁረት ጌጥ አይደለም፤ ጉልበቱ ነው። ከውስጥ የመጣ ነው እንጂ ከላይ የተቀባ አይደለም።

ታዲያ ለምን ይነጣል? ለምንስ ቡኒ ይሆናል? ነጩ አብዛኛውን ጊዜ አቧራና ጭቃ ነው፤ በውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል። ቡኒው ግን ሌላ ነው። ጎማ ሲሠራ እንዳይሰነጣጠቅ የሚከላከሉ ኬሚካሎችና ሰም ይገቡበታል። መኪናው ሲሄድ ጎማው እየታሸ እነዚህን ነገሮች ቀስ በቀስ ወደ ላይ ያወጣቸዋል፤ አየር ሲያገኛቸው ቡኒ ይሆናሉ። ጎማው ራሱን የሚቀባው ቅባት በሉት። ለዚህ ነው ለወራት ቆሞ የከረመ መኪና ጎማው ቶሎ የሚሰነጠቀው፤ ስላልታሸ ቅባቱ አልወጣለትም።

የእኛ አገር ደጋ ደግሞ ለጎማ ምቹ አይደለም። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የሌለ ይመስለናል። ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፊታችንን የሚያጠቁረው ፀሐይ ጎማንም አይምረውም።

አሁን ወደ ማጥቆሪያው ልምጣ። ልጆቹ ድሮ የሚጠቀሙት የተቃጠለ ዘይት ነበር፤ አንዳንዴም በናፍጣ ያቀጥኑታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ በነፃ ይገኛል። ያበራልም። ግን ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ ናፍጣ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት አብጦና ልል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ነዳጅና ዘይት ጎማን እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ውስጡ ይገባሉ፣ ያሳብጡታል፣ ያንን መከላከያ ቅባቱንም ያጥቡበታል። ዛሬ ያሳመረው ነገር ነገ ያስረጀዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ዘይቱ ተረጭቶ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ሌላ ጣጣ ነው።

ከጎማው በላይ የሚያሳስበኝ ግን የልጆቹ እጅ ነው። የሞተር ዘይት ዕቃዎች ላይ በትንሹ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ሁልጊዜ ቆዳ ሲነካ በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ የቆዳ ካንሰር አምጥቷል ይላል። እነሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በባዶ እጃቸው ነው የሚቀቡት። ታጥቦ የሚፈሰውም ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ በሬሳ ነው የሚወርደው።

አሁን ሁለቱ ልጆች ትተውታል። ግሊሰሪን ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ደባልቀው በስፖንጅ ይቀባሉ። ግሊሰሪን ጎማን አይበላም፣ እጅንም ያለሰልሳል፤ ክፉ ጎኑ ዝናብ ሲመታው መታጠቡና አቧራ መሳቡ ነው። የሚቆይ ነገር ከተፈለገ በውኃ የተዘጋጀ የሲሊኮን ጎማ ማብለጫ አለ፤ ሲገዛ "ነዳጅ ነዳጅ" የማይሸተውን መምረጥ ነው። ሁለቱም የሚቀቡት በጎማው ጎን ላይ ብቻ ነው። መሬት የሚነካው ጥርሱ ላይ ፈጽሞ! መኪናው ይንሸራተታል። ሞተር ሳይክል ከሆነ ደግሞ ጎኑንም አትንኩት፤ ሲታጠፍ የሚተኛው በጎኑ አካባቢ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውበት ነው። አሁን እንድጽፍ ወዳደረገኝ ጉዳይ ልግባ።

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚሠራ ሚኒባስ አለው። በቅርቡ ያገለገሉ አራት ጎማዎች ገዛ፤ ሻጩን ስም አልጠራም። ብሩ የእቁብ ብር ነው፣ ገና ከፍሎ አልጨረሰም። ጎማዎቹ ጥቁር ብለው ያበራሉ። አስገጥሞ፣ በማግሥቱ መኪናውን ሊያሳጥብ እዚያው ላቫጆ መጣ። እኔም እንዳጋጣሚ እዚያ ነበርኩ።

ልጁ ጎማውን በኦሞና በብሩሽ ሲፈትገው ጥቁሩ እንደ ቡና አተላ ወረደ። ከሥሩ የታየው ሌላ ጎማ ነው። ጎኑ በሙሉ ውኃ እንደሸሸው ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል። ልጁ ቁጭ ብሎ ጥቂት አየና ተነሳ።

"ጋሼ፣ እነዚህን አላጠቁርልዎትም" አለው።

"ምን ማለት ነው? አልከፍልህም አልኩህ?"

"ይክፈሉኝም አይክፈሉኝም። ሰው የሚጭኑበት ነው። ይኸው ይዩት፣ ቲቸርም ይዩት።"

የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። ጎንበስ ብሎ ጎማው ላይ ያለውን ቁጥር በጣቱ እየመታ "17 ይላል እኮ! ያምና ምርት ነው! አንድ ዓመት በቅጡ ያልሞላው ጎማ እንዴት ያረጃል?" አለ።

ቁጥሩን አየሁት። 2317 ይላል።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ጎማ ላይ ዲኦቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት ጀምሮ የተደረደረ ጽሑፍ አለ፤ መጨረሻው ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ጊዜ ይነግራሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው! 2317 ማለት የ2017 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር 2009 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ገደማ ነው። ያምና የተባለው ጎማ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። 13 ወር ፀሐይ ብለን የምንኮራበት የዘመን አቆጣጠራችን እዚህ ላይ ለሚያጭበረብር ሰው መሣሪያ ሆነ። ቁጥሩ አልተፋቀም፣ አልተሰረዘም፤ ሻጩ "17 ነው" ብሎ ዝም አለ፣ ገዢው በራሱ አቆጣጠር ሞላው። ቀለሙ ደግሞ ለዓይኑ መሰከረለት።

ስነግረው ብዙ አልተናገረም። "እኔ እኮ ነገ ጠዋት ሰው ልጭንበት ነበር" ብቻ አለ።

መንገዱን የምታውቁት ይገባችኋል። ወደ አንኮበር ስትሄዱ ጉሙ ከወረደ ከፊት ያለው መኪና አይታይም፤ ገደሉ ግን ከጎን እንዳለ አለ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን አስቡት። በዋናው መንገድ የሚሄደው ደግሞ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ያልፋል፤ ከዚያ በደብረ ሲና ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከውርጭ ወጥቶ ቆላ ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ ያውም ፍሬን እየያዘ፣ ጭነት ተሸክሞ። የተሰነጠቀ ጎማ እዚያ ላይ ምን እንደሚሆን ለመገመት ፊዚክስ አያስፈልግም።

ሻጩ ጋ ተደወለ። መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "እኔ ጎማ ሸጥኩ እንጂ ዓመት አልሸጥኩም" አለ። ብሩ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሚኒባሱ ሦስት ሳምንት ቆመ፤ ረዳቱም ያለ ሥራ ከረመ። የአክስቴ ልጅ አሁንም እቁቡን እየከፈለ ነው፤ ጎማዎቹ ግን ግቢው ውስጥ ተከምረዋል። የከሰረው ገንዘብ ነው፤ ሰው አልከሰርንም። ያንን ያተረፈልን ደግሞ መሐንዲስ ወይም ትራፊክ ፖሊስ አይደለም፤ ብሩሽ የያዘ የላቫጆ ልጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ጎማ የምትገዙ ሰዎች፦ ያበራ ጎማ ካሳዩዋችሁ እርጥብ ጨርቅና ሳሙና ጠይቁ። ማጠብ የሚከለክላችሁን ሻጭ ትታችሁ ሂዱ። አራቱን ቁጥሮች አንብቡ። የሳምንቱ ቁጥር ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፤ 37ና ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። በእኛ አቆጣጠር የተመረተበትን ዓመት ታገኛላችሁ። ብዙ አምራቾች የሚመክሩት፣ አገልግሎት ላይ 5 ዓመት የሞላው ጎማ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም እንዲቀየር ነው። ስኮርታችሁንም አትርሱት፤ ሳይሠራ የሚያረጀው እሱ ነው።

ሹፌሮች፦ በጎማው ጥርሶች መካከል ከሥር ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ተበልቶ ከጉብታው እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጎማው አልቋል። ንፋስ የምታስለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ይሁን። ቆላ ወርዳችሁ ጎማው ግሎ ሳለ ንፋስ በዛ ብላችሁ አታስቀንሱ፤ ወደ ደጋ ስትመለሱ ያንሳችኋል።

የላቫጆ ልጆች፣ በተለይ ያስተማርኳችሁ፦ የዚህ አገር መኪና ጎማ አጠገብ በየሳምንቱ ቁጭ የምትሉት እናንተ ናችሁ። ባለቤቱ ከላይ ቆሞ ነው የሚያየው። ስለዚህ እጠቡ፣ እዩ፣ ከዚያ አጥቁሩ። ቅደም ተከተሉ አይዛባ። ስንጥቅ ካያችሁ፣ ያበጠ ካያችሁ፣ ሽቦው የወጣ ካያችሁ ተናገሩ። ይቆጣችሁ ይሆናል፣ የሻይዋም ትቀር ይሆናል። አንዳንዱ ለቦሎ ምርመራ ሲደርስ "ዝም ብለህ አጥቁርልኝ" ብሎ እንደሚመጣ ነግራችሁኛል። የእናንተ ቀለም የዚያ ውሸት መሸፈኛ አይሁን። ጓንትም አድርጉ እንጂ፣ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ!

ተሳፋሪዎች ደግሞ፦ ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዝቅ ብላችሁ ጎማውን እዩ። ነውር የለውም።

ይሄን ጽሑፍ ሹፌር ለሆነ ወንድም ወይም ዘመድ ሼር አድርጉለት። የመኪና ጎማችሁን ቁጥር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝና በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ እመልስላችኋለሁ። የታርጋ ቁጥር ግን አትጻፉ!

በሰላም ግቡ፤ መልካም የገና ዋዜማ።