በመጣርያው ሾላ ላይ ያየሁት ቍስል

ከካይሮ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በመጣርያ፥ እመቤታችን በስደቷ ጊዜ ከልጇ ጋር ዐርፋበታለች እየተባለ ከጥንት ጀምሮ የሚከበር የሾላ ዛፍ መኖሩን አንባብያን ያውቃሉ። እኔም ጌታችን ወደ ግብፅ የገባበት በዓል በሚታሰብበት በግንቦት 24 ቀን ከአንድ አረጋዊ መነኵሴ ጋር ለመሳለም ሄድሁ።

የገበሬ ልጅ ነኝና ዓይኔ አስቀድሞ ያረፈው በግንዱ ላይ ነው። ቅርፊቱ በብዙ ስፍራ ተልጧል። «አባ፥ ይህን ዛፍ ነቀዝ ሳይጐዳው አልቀረም» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ከመፍረድህ በፊት መርምር» አሉኝ።

መረመርሁ። ነቀዝ ቢሆን ቀዳዳና የእንጨት ዱቄት በተገኘ፤ ምስጥ ቢሆን የጭቃ መሿለኪያ በሠራ፤ ፍየል ቢሆን የጥርስ ምልክት በታየ ነበር። ይህ ቍስል ግን ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚገኘውም የሰው እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ቅርፊቱ ደኅና ነው። «አባ፥ ይህስ የቢላዋ ሥራ ነው» አልሁ።

አባም ታሪኩን ነገሩኝ። በአውሮጳ አቈጣጠር ጥንታዊው ዛፍ በ1656 ወድቆ፥ ከእርሱ የተገኘ ቅርንጫፍ በ1672 ተተከለ፤ ያም በ1906 ወደቀ፤ የዛሬው ከዚያ የበቀለ ነው ይባላል። በ1800 የጄኔራል ክሌቤር ወታደሮች በአቅራቢያው በሄልዮጶሊስ የኦቶማንን ሠራዊት ድል ካደረጉ በኋላ፥ በቀድሞው ግንድ ላይ ስማቸውን እንደ ቀረጹ ይተረካል። «ወታደሩ ለስሙ ቈረጠው፤ ተሳላሚው ደግሞ ለበረከት እያለ ይልጠዋል» አሉ።

በዚህ ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ከዐሥር ዓመት በፊት እኔ ራሴ ከዚሁ ዛፍ ጥቂት ቅርፊት ልጬ ለእናቴ ወስጄላት ነበርና። ነጭ ወተቱ በጣቴ ላይ ሲፈስ አይቼ፥ እንደ በረከት ቈጥሬ ግንባሬን ቀባሁበት እንጂ ቍስል መሆኑን አላሰብሁም። እናቴም እስክታርፍ ድረስ ቅርፊቱን በውዳሴ ማርያም መጽሐፏ ውስጥ አኖረችው።

ይህን ለአባ በተናዘዝሁ ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥሩ የሚወርደው ከቅርፊቱ በታች ባለው ልጥ ነው። ልጡ ዙሪያውን ከተገፈፈ ሥሩ ይራባል፤ ዛፉም ይደርቃል። አንተ ጥቂት ወሰድህ፤ ሌላውም ጥቂት ወሰደ። ዘኬዎስ በሾላ ላይ ወጥቶ ጌታውን አየ እንጂ ከሾላው አንዳች ቈርሶ አልሄደም።»

ቅርፊቱ ዛሬም በእናቴ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ልመልሰው ብል ከዛፉ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወደ መጣርያ ለመሳለም ስንወጣ ቢላዋችንን በማደሪያችን ትተን እንሂድ።