ኮዱን የሰጠነው እኛው ነን

የዛሬው ጽሑፋችን ትምህርት ብቻ ሳይሆን ኑዛዜም ነው።

በጾም ጸሎት ሳምንታችን፣ ማክሰኞ ማታ፣ እኛ አገልጋዮች የጸሎት ጥያቄ በምንቀበልበት ቴሌግራም ከምናውቀው ወንድም መልእክት ደረሰን። «ልጄ ለውድድር ቀርባለች፤ ድምፅ ስጡልኝ። በስልካችሁ የሚመጣውን ቁጥር ላኩልኝ» ይላል። ቁጥሩ መጣ። ለማንም እንዳንሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አብሮት ነበር። ሳናነበው ላክንለት። ለካ እርሱም አካውንቱን ተነጥቆ ኖሯል!

ብዙም ሳይቆይ በእኛ ስም ለምእመናን መልእክት ተላለፈ፦ «አንድ አገልጋይ በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ የቻላችሁትን ላኩ።» አንድ እኅት ደውላ ስትጠይቀን የሆነው ገባን። ነገር ግን አፈርን። «መጋቢዎቹ ተታለሉ» መባልን ፈራን። «አካውንቱን አስመልሰን በኋላ እንናገራለን» ተባብለን ረቡዕና ሐሙስ ዝም አልን።

እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ አንዲት እናታችን ለቤት ኪራይ ያስቀመጡትን 6,000 ብር ላኩ። የላኩት ሐሙስ ነው። እኛ ያወቅነው ማክሰኞ ማታ ነበር።

በኮምፒውተር ሙያ የሚሠራ ወጣት ወንድማችን ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ አስረዳን። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢንተርኔት የለቀቀው ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን አንቀራፈፈ፤ ሆኖም ገንዘብ አልጠየቀም፣ ፋይልም አላጠፋም። በዚያ ዘመን ብዙዎቹን ሰርጎ ገቦች ይነዳቸው የነበረው የማወቅ ጉጉትና ችሎታን ማሳየት ነበር። በ2000 ከፊሊፒንስ የተነሣው ቫይረስ ግን የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል እየገባ የይለፍ ቃል ይሰርቅ ነበር። በ2017 ደግሞ ዋናክራይ የተባለው ፕሮግራም ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይሎችን እየቆለፈ ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ጠየቀ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች እንኳ ቀጠሮ ያላቸውን ሕሙማን ለመመለስ ተገደዱ።

እንግዲህ ጉጉቱ ንግድ ሆነ ማለት ነው። በሩም ተለወጠ። ማሽኑን ከመስበር ይልቅ ሰውን ማሳመን ይቀላል። በእኛ ላይ የተጠቀሙበት ቁልፍ ርኅራኄያችንና መተማመናችን ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ኢያሱ ምዕራፍ 9ን አንብቡ። የገባዖን ሰዎች ያረጀ ጫማና የሻገተ እንጀራ ይዘው ከሩቅ አገር የመጡ መሰሉ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አዩ እንጂ እግዚአብሔርን አልጠየቁም። ከሦስት ቀን በኋላ እውነቱ ወጣ፤ ማኅበሩም በአለቆቹ ላይ አንጎራጎረ። አለቆቹ ግን ከሕዝቡ ፊት አልሸሹም። እኛን የወቀሰን ይህ ነው።

እሑድ በጉባኤ ፊት ቆመን ሁሉን ተናገርን። እናታችን ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ገንዘቡንም ከየኪሳችን አዋጥተን መለስን። እርሳቸውም፣ «ልጆቼ፣ መታለል የሰው ነው። ማክሰኞ ብትነግሩኝ ግን ሐሙስ አልልክም ነበር» አሉን። ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከልባችን አልጠፋም።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ በስልካችሁ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው፤ ለመጋቢም ቢሆን አትስጡ። በቴሌግራማችሁ ላይ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ጨምሩ። «አሁኑኑ ላክ» የሚል መልእክት ሲደርሳችሁ ሰውየውን በምታውቁት ስልክ ቁጥር ደውላችሁ ድምፁን ስሙ። ልካችሁ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ለባንካችሁ አሳውቁ። ከእንግዲህ በእኛ ስም በጽሑፍ ብቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ከእኛ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን ከተታለላችሁ አትደብቁ። ሌባው የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ዝምታችን ጨለማውን ያረዝምለታል። ቶሎ የተናገረ ሰው ወንድሙን ያተርፋል።

ጌታ ለርኅራኄያችን ማስተዋልን፣ ለስሕተታችንም የመናገር ድፍረትን ይስጠን። አሜን።