የመሳቢያው ጎኖች

ነሐሴ 4
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራስን መጋዝ እንኳ አያሰማም። የመሳቢያውን ጎኖች ቆርጬ ጨረስኩ። ዋንዛ፣ ከአሮጌ ቁም ሣጥን የወጣ። እንዲህ ያለ ዋንዛ አሁን ከየት ይመጣል? ቁራጯ ሁሉ ታሳሳለች።
በርዝመቱ ሳሰምር መስመሩ ጥርት ይላል። አግድም ስዞር የማስመሪያዬ ምስማር ቃጫውን እየነጨ ይሄዳል። እንዲህ በተነጨ መስመር ላይ መሮ የት ያርፋል?

ነሐሴ 5
ነገሩ የምስማሩ ይመስለኛል። ጫፉ ሾጣጣ ነው። በርዝመት ሲሄድ በቃጫዎቹ መሐል መንገድ ያገኛል። አግድም ሲሆን ግን እያንዳንዱን ቃጫ መበጠስ አለበት፤ መበጠስ የስለት ሥራ ነው። ጃፓኖች ኬቢኪ የሚሉት ማስመሪያ ምስማር የለውም፣ ስለት ነው ያለው።
ግን አናጢው ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በምስማር አስምረዋል። የእሳቸው መስመር አይነጭም። እጅ ይሆን?

ነሐሴ 7
ጋሼ ጋ ሄድኩ። ጾመኛ ናቸው፣ ሥራ ግን አላቋረጡም። ማስመሪያዬን ተቀብለው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይኼ እኮ ይወጋል እንጂ አይቆርጥም።» የራሳቸውን አሳዩኝ። ከሩቅ ተራ ምስማር ነው፤ ቀርበው ሲያዩት በአንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው በኩል ሰያፍ ሆኖ ተሞርዷል። ትንሽዬ ቢላ።
ስለ እጅም ጠየቅኳቸው። «አትጫነው» ብቻ አሉኝ።

ነሐሴ 8
ሞረድኩት። ሞረዱ የምናለሽ ተራ ነው፤ አሮጌ፣ ጥርሱ ግን ደህና። መጨረሻ ላይ በድንጋይ አሸት አሸት።
ሰያፉ ጎን ወደ ማስመሪያው መደገፊያ፣ ጠፍጣፋው ወደሚቀረው እንጨት። ምክንያቱ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ሰያፉ ስለቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስለቱ ሲገፋ መደገፊያው እንጨቱ ጫፍ ላይ ይበልጥ ይጣበቃል። የሚደቅቀውም ተፈልፍሎ በሚጣለው በኩል ያለው ነው። በሚቀረው በኩል ቀጥ ያለ ግድግዳ።
የእንጨቱ ጫፍ ራሱ ግን በስኳድራ ካልተስተካከለ ይኼ ሁሉ ከንቱ። መደገፊያው የሚከተለው ጫፉን ነው። መላጊያውን ሳልኩ።

ነሐሴ 10
ለጥቂት ሰዓት ፀሐይ። ደጅ ሠራሁ።
መጀመሪያ እንጨቱን መዳሰስ ያህል፣ ከዚያ በዚያው መስመር ደጋግሞ መመለስ። ማስመሪያውን ወደ ምሄድበት ዘንበል አድርጌ፣ ስለቱ ከኋላ እንዲጎተት። ሲቆርጥ ድምፁም ይለያል።
ማዶ ጠርዝ ላይ ሲደርስ የመጨረሻዎቹ ቃጫዎች ይገነጠላሉ። ከኋላ ደጋፊ የላቸውም። ስለዚህ ቀድሞ ከማዶ ጠርዝ ወደ ውስጥ አጭር መስመር፣ ከዚያ ከዚህኛው መጥቶ መግጠም። ዋንዛው ላይ ሠራ። የሐበሻ ጥድ ቁራጭ ላይ ግን አሁንም ስንጥር ያወጣል። ስለቱ ይሁን ጥዱ አልለየሁም።

ነሐሴ 12
እርጥበት። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ በስፋቱና በውፍረቱ ነው የሚያብጠው። ማስመሪያው የሚወስደው ደግሞ የፊተኛውን ጣውላ ውፍረት ነው። ሜትሩ 18 ሚሊ ይላል፤ ተውኩት። ጣውላውን ራሱን መደገፊያው ላይ አስጠግቼ ልኩን ከሱ ወሰድኩ። ትንሽ ላሳልፍ ወይስ እኩል ላድርገው? አሳልፎ በኋላ መላግ ይቀላል። ግን መላጊያው የመጋጠሚያውን ጥርሶች ቢገነጥልስ?
የሆያ ሆዬ ልጆች መጡ። ዱላቸው ደጁን ሲመታ ማንም አያሰምርም። ሙልሙል ስላልነበረ ብር ሰጠኋቸው።

ነሐሴ 15
መሮው መስመሩ ውስጥ ገብቶ ራሱ ቦታውን ያገኛል። ሦስቱ ጎኖች ተፈለፈሉ።
የኋለኛው ይቀራል። ጫፉ አጠገብ ጉጥ አለው፣ ቃጫው ዙሪያውን ይዞራል። እዚያ ላይ አግድም የትኛው ነው? ምናልባት ስኳድራ ይዞ በቢላ ማስመር። ወይም ጉጡን ቆርጦ መጣል፤ ግን ጣውላው ያጥራል። ሌላ የተረፈ ዋንዛ የለኝም።